ሦስት ጊዜ ተጠርተው አልቀረቡም

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ የጀመረው ዝናብ የፍርድ ቤቱን የመስታወት ጣሪያ ያለማቋረጥ ይደበድብ ነበር።

ስም ጠሪው ከሁለተኛው ችሎት በር ወጥቶ፣ ሁልጊዜ በሚቆምባት ጥቁር የወለል ድንጋይ ላይ ጫማዎቹን ገጥሞ ቆመ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ፤ ደረቱን በአየር ሞላ፤ የአንዲት ሴት ስም ከነአባቷ ጠራ። ስሙ ወደ ላይ ወጣ፤ አራቱን ፎቅ ዞረ፤ ጣሪያውን ነክቶ ሲሄድ ከነበረው ገዝፎ ተመለሰ። ጠሪው ድምፁ ተመልሶ እስኪያልቅ ጠበቀና ደገመ። ሠለሰ። ከመቀመጫው የተነሣ ሰው አልነበረም። እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ፤ በመዝገቡ ጀርባ ከተያያዘችው ቁራጭ ወረቀት ላይ «ሦስት ጊዜ ተጠርተው አልቀረቡም» ከሚለው ሥር ፈረመ፤ ገብቶ ለዳኛዋ ሰጠ። ዳኛዋ መዝገቡን ዘጉት። ከጥሪው እስከ መዝጊያው አራት ደቂቃ አልሞላም።

በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቷል። ጸሐፊዎቹ «ነጎድጓድ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ እሱም ቅጽል ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብሎት ኖሯል። ሰው ሥራውን መጮህ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እሱ ግን በድሮው ፍርድ ቤት ሳለ፣ መጮህ የሥራው ትንሹ ክፍል እንደሆነ ያውቅ ነበር። የድሮው ቤት ጣሪያ ዝቅ ያለ ጣውላ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ኮሪደሩ ጠባብና ረጅም ነበር። ባለጉዳዮቹ ከነካፖርታቸው ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ይቀመጣሉ፤ ልብሳቸው የተረፈውን ድምፅ ይጠጣዋል። ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ቆሞ፣ አፉን ጥቂት ወደ ግድግዳው አዘንብሎ ሲጠራ፣ ስሙ ግድግዳውን እየታከከ እስከ ውጭው በር ይደርስ ነበር። አይመለስም። የሚመለሰው «አቤት» ነበር። አንዳንዱ አቤት ከእንቅልፉ የባነነ፣ አንዳንዱ ሳል የቀደመው፣ አንዳንዱ ለጠብ የተዘጋጀ። ጠሪው ሰውየውን ከማየቱ በፊት በየትኛው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠ፣ ፈርቶ እንደሆነና ተናዶ እንደሆነ ከአቤቱ ይለይ ነበር።

ወደ አዲሱ ሕንጻ ከገቡ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። በምረቃው ዕለት መሐንዲሱ ብርሃን የሚገባበት ፍርድ ቤት እንደሠሩ ተናግሮ ነበር፤ ቃሉም እውነት ነው፤ ብርሃን ይገባል። ወለሉ የተወለወለ ድንጋይ፣ ዙሪያው መስታወት፣ መካከሉ እስከ ጣሪያ ድረስ ባዶ ነው። ደረጃው ለሁለት እንደተሰነጠቀ እንስራ የጎበጠ የኮንክሪት ግድግዳ ታቅፎ ይወጣል። ጠሪው እዚያ ውስጥ የመጀመሪያውን ስም በጠራ ቀን፣ የገዛ ድምፁ ከላይ ወርዶ ፊቱን መታው፤ ከሱ የገዘፈ፣ ከሱ በሃያ ዓመት የሚያንስ ድምፅ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ድምፁን ለሌሎች ሲልክ ኖሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ደረሰው። ለሁለት ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ ጠራርቶ፣ ድምፁ አምሮ የሚመለስባትን ያችን ጥቁር ድንጋይ መረጠ።

ከዚያ ወዲህ የማይቀርበው ሰው በዛ። ጸሐፊዎቹ አዲሱ ሕንጻ ከአውቶቡስ መንገድ ስለራቀ ነው አሉ፤ እሱም አመነ። ሰው ባልቀረበ ቁጥር ድምፁን ጨመረ። ድምፁን በጨመረ ቁጥር ጣሪያው አብዝቶ መለሰለት። ስለተመለሰለትም ደረሰ ብሎ አሰበ።

አምስት ሰዓት ላይ ከደረጃው ሥር አንዲት ሴት ተነሥታ ወደ እሱ መጣች። ዕድሜዋ ከሱ ጋር የሚቀራረብ፣ እርጥብ ጃንጥላዋን ወለሉን እንዳያረጥብ በፕላስቲክ ከረጢት የጠቀለለች ሴት ነበረች።

«ይቅርታ ወንድሜ» አለችው። «ተራዬ ገና ይሆን? ከሁለት ሰዓት ጀምሬ እዚያ ተቀምጫለሁ።»

ስሟን ጠየቃት። ነገረችው። ዝርዝሩን ማየት አላስፈለገውም፤ ቢሆንም አየ።

«ጠርቼዎታለሁ እኅቴ። ሦስት ጊዜ።»

ሴትዮዋ አሰበች። «አንድ ድምፅማ ሰምቻለሁ» አለች። «ከላይ ነበር የሚመጣው። ፎቅ ላይ ሰው የሚቆጣ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁ። እርስዎ ነበሩ እንዴ? እኔስ ምን አግኝቶት ነው እንዲህ የሚቆጣው ብዬ አዘንኩለት።»

አላፌዘችም፤ እንደሆነው ነበር የነገረችው። ጉዳይዋን በአጭሩ አወጋችው። ከእኅቷ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሁለት ክፍል ቤት ኖራለች። እኅቷ ስትሞት የእኅቷ ባል ቤቱን ለቀሽ ውጪ አላት። እሷም ከሰሰች፤ ፍርድ እስኪሰጥ ማንም እንዳያስወጣት ታግዶላት ነበር። ጠሪው የሚቀጥለውን ያውቃል፤ እሷ ገና አታውቅም። መዝገቡ ሲዘጋ እግዱም ይነሣል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቤቱን መልቀቅ ይኖርባታል። ይህን የነገራት በዚያው በለመደው ድምፅ ስለነበር አንድ ሁለት ሰዎች ዞረው አዩአቸው።

«እንግዲያው ነገ እመጣለኋ» አለች።

ነገ የሚታይላት ነገር እንደሌለ አስረዳት።

«ታዲያ የት ልሂድ?» አለችው። የጠየቀችው መንገድ የጠፋው ሰው አቅጣጫ እንደሚጠይቅ ነበር።

ሬጅስትራሩን ምሳ ሊወጣ ሲል አገኘው። ሬጅስትራሩ ከሱ በሃያ ዓመት የሚያንስ፣ ከቀልድ የማይቦዝን፣ የሚወደው ሰው ነው። ነገሩን ሰምቶ ሳቀ።

«ጋሼ ነጎድጓድ፣ የእርስዎን ድምፅ ያልሰማ ሰው የምጽአትን መለከትም አይሰማም። አርፍዳ መጥታ ነው። ሁሉም እንዲያ ነው የሚሉት።»

ጠሪው የዝናቡ ጩኸት ውጦት ሊሆን እንደሚችል አነሣ። ሬጅስትራሩ መሳቁን ተወ፤ ትከሻውን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው። በእሷ ቃልና በእሱ ፊርማ መካከል ዳኛ የሚያምነው ፊርማውን እንደሆነ፣ እሱ ራሱ አልሰማችም ካለ ግን ጥያቄው ከእሷ አልፎ ወደ እሱ እንደሚዞር፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው በገዛ እጁ አንገቱ ላይ ገመድ ማሰር እንደማይገባው ቀስ አድርጎ ነገረው። «አንዱን መዝገብ ካነሡ ሁሉም ይነሣል» አለ። ይህን ያለው ለእሱ አዝኖ ነበር።

የጠሪው ቤት አንድ ክፍል ናት። ሚስቱ ከሞተች አምስተኛ ዓመቷ ነው፤ ልጁ አግብታ ሩቅ ትኖራለች። ያን ምሽት ስትደውል ስለ ጤናው፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለሚጠግነው ቧንቧ ጠየቀችው። «አባዬ፣ አትጩህ፤ አጠገቤ ያለህ ያህል እሰማሃለሁ» አለችው። በየሁለት ሳምንቱ የምትለው ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቆየ። በክፍሏ ውስጥ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ አሁንም የሚስቱ ካፖርት የተሰቀለበት ቁም ሣጥን ነበሩ። የሴትዮዋን ስም በፍርድ ቤቱ ድምፅ ጠራ። ስሙ ከአፉ ወጥቶ እዚያው ሞተ፤ ግን ሲሞት ሙሉ ነበር፤ አንዲት ፊደል እንኳ አልጎደለችውም። ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቱ ሬዲዮኑን ቀነሰ። ጥቂት ጠብቆ መልሶ ከፍ አደረገው።

በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ምሳ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሲለቅ ጠሪው የጽዳት ሠራተኛዋን ፈልጎ አንድ ነገር እንድታደርግለት ለመናት። ልጅቷ ምላሷ የሰላ ናት። የጠየቃትን ስትሰማ መጥረጊያዋን ተደግፋ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ዛሬ ደግሞ እኔ ነጎድጓድ ልሁን? ቢቆጡኝ ጋሼ ናቸው ያዘዙኝ እላለሁ፤ እንዳይክዱኝ።»

ያለፈውን ወር ዝርዝር ሰጣት፤ በፈለገችው ቅደም ተከተል አሥር ስም እንድትጠራ ነገራት። ጥቁሯ ድንጋይ ላይ አቆማት። እሱ ሄዶ ከደረጃው ሥር፣ ሴትዮዋ በተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ የሰማውን ስም ሊጽፍ እርሳስና ወረቀት ጉልበቱ ላይ አደረገ።

የመጀመሪያውን ጠራች። አፏ ሲከፈት ከሩቅ አየ። ድምፁ ግን ከአፏ አልመጣም። መጀመሪያ ከጎባጣው ግድግዳ፣ ከግራ ጆሮው ኋላ መጣ፤ ቀጥሎ ከላይ ወረደ፤ ሁለቱ መሐል አየር ላይ ተገናኝተው ተላተሙ። አፏ ከተዘጋ በኋላም ስሙ ገና ይናገር ነበር። አንዱ ፊደል ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል፤ የኋለኛው የፊተኛውን ይረግጠዋል። ጩኸት እንደሆነ፣ የሰው ጩኸት እንደሆነ ጥርጥር አልነበረውም። ስም መሆኑን ግን ቀድሞ ባያውቅ ኖሮ አይገምትም ነበር። ድምፁ ብርቱ ነበር፤ ጠርዝ ግን አልነበረውም። ሳያስበው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

ከአሥሩ ሦስት ጻፈ። ሌላው መስመር ባዶ ቀረ። የመጨረሻው ድምፅ ሲንከባለል ቆይቶ እስኪጠፋ እየጠበቀ፣ ትናንት ዝናቡ ነው ያለውን አስታወሰ። ዛሬ ዝናብ የለም።

ልጅቷ ወለሉን አቋርጣ መጣች። «ምነው ዝም አሉ?» አለችው።

«አሥሩ አለቀ አይደል?»

«አሥሩማ አለቀ። ከዚያ እርስዎን ጠራሁ። ሦስቴ።»

ጠሪው አልገባውም። እሷ በአገጯ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አመለከተች። «ከነአባትዎ እዚያ ተጽፏል እኮ። እንደ ሌላው ሰው ይነሡ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

ያን የሰማውን የአሥረኛው ስም ጭራ አድርጎ ነበር የቆጠረው። ከቆመችበት ሳትነቃነቅ እንድትደግምለት ጠየቃት። ልጅቷ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ፣ ሳትጮህ፣ ሰው ሻይ ትጠጣለህ ወይ በሚልበት ድምፅ ስሙን ከነአባቱ ጠራች። ስሙ ሙሉውን መጣ። «አቤት» ለማለት አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ግን ዘገየ። ለልጁ አባዬ ነው። ለጸሐፊዎቹ ነጎድጓድ ነው። ለጎረቤቶቹ የልጁ አባት፣ ለባለ ሱቁ ጋሼ ነው። ያን ስም በሰው አፍ ሲባል የሰማው ሚስቱ ሳለች ነበር። ቅድም ያልተነሣው አዳራሹ ስሙን ስለዋጠው ይሁን፣ ወይስ እሱ ራሱ መጠራትን መጠበቅ ከተወ ስለቆየ፣ መለየት አልቻለም።

«አሁን ሰሙ?»

«ሰማሁ።»

«እኔማ እርስዎ ሲጠሩ ምን እንደሚሉ ገብቶኝ አያውቅም። የሚያዜሙ ነበር የሚመስለኝ።»

«ሰባት ወር ሙሉ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለችና መጥረጊያዋን አንሥታ ሄደች።

ጠሪው እዚያው ተቀምጦ ቀረ። ከነገ ጀምሮ ጥቁሯን ድንጋይ ትቶ ወደ አግዳሚዎቹ ቢጠጋ፣ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ፣ ሁሉ ነገር ይስተካከላል፤ ለምን ቦታ ቀየርክ የሚለውም አይኖርም። ወደፊት ለሚጠራው ሰው አይቸገርም። የሚቸግረው እስካሁን ተጠርቶ ያልሰማው ነው። ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ምሳ ሰዓቱ አለቀ፤ ሰው መግባት ጀመረ፤ ያች ሴትም መጣች። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጃንጥላዋን ይዛ ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች። ቤቷ መዋል እንዳልቻለች፣ የእኅቷ ባል ከአንድ አናጢ ጋር መጥቶ በሜትር ክፍሎቹን እየለካ እንደሆነ ነገረችው። የመኝታዋን ክፍል የለኩት እሷ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሳለች ነው። «እግርዎን ያንሡልኝ አለኝ አናጢው። አነሣሁለት» አለች።

ጠሪው ተነሣ።

የዳኛዋ ቢሮ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ግድግዳው በመጽሐፍ የተሞላ ክፍል ነበር። ገና የመጀመሪያውን ቃል ሲናገር ዳኛዋ እጃቸውን አነሡ። «ቀስ ብለው ይናገሩ፤ እዚህ ይሰማል።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይህን ከዚያ በፊት አያውቅም።

«ክብርት ዳኛ፣ ፊርማዬን ላነሣ ነው የመጣሁት። የትናንቱን። የሦስት ሰዓት ተኩሉን መዝገብ።»

«አልጠሯትም ማለት ነው?»

«ጠርቻለሁ። እሷ ግን አልተጠራችም።»

ዳኛዋ ወንበር አሳዩት። ከዚያ አሥራ ምናምን ጥያቄ ጠየቁት፤ ስለ ጥቁሯ ድንጋይ፣ ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ባዶ ስለቀሩት ሰባት መስመሮች። የሚነግራቸውን በጆሯቸው ካልሰሙ እንደማይወስኑ ተናገሩ። ጥቁሩን ካባቸውን እንደለበሱ ወርደው ከደረጃው ሥር፣ ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጡ። ባለጉዳዮቹ ዳኛ አብሯቸው አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ አይተው ስለማያውቁ ጠጋ ጠጋ ብለው ሰፊ ቦታ ለቀቁላቸው። ጠሪው ድንጋዩ ላይ ቆሞ ደረቱን ሞላ፤ ከዝርዝሩ አንድ ስም ጠራ። ሃያ ስድስት ዓመት እንደጠራው ሁሉ አሳምሮ ጠራው። ዳኛዋ፣ በዙሪያቸው እንዳለው ሰው ሁሉ፣ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

ሬጅስትራሩ ከበሩ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ ይመለከት ነበር። ዳኛዋ ሲመለሱ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ጠሪውን ግን ዓይኑን አላየውም።

«የትናንቱ ብቻ ነው?» አሉ ዳኛዋ።

እዚህ ላይ አዎን ቢል ነገሩ ያበቃ ነበር። ዝናብ ነበር፤ ዝናብ ማንም የሚያምነው ምክንያት ነው። ጠሪው ዝርዝሩን አጣጠፈ፤ መልሶ ዘረጋ።

«ከገባን ሰባት ወር ነው» አለ። «አልቀረቡም ብዬ የፈረምኩት ሁሉ እንደዚሁ ነው።»

«ስንት ይሆናሉ?»

«አላውቅም።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ የሴትዮዋን መዝገብ አስመጥተው ከጀርባው ያለችውን ወረቀት ነቀሉ፤ እግዱ ባለበት እንዲጸና፣ ጉዳዩም በዚያው ከሰዓት እንዲሰማ ጻፉ። ስለ እሱ የወሰኑት በዝግታ ተነገረው። ከነገ ጀምሮ ጸሐፊዎቹ በየተራ ከአግዳሚ አግዳሚ እየዞሩ ይጠራሉ። እሱ አይጠራም። ስላደረሰው ጉዳት የሚጠየቅበት ደብዳቤ ይደርሰዋል። እስከዚያው ወደ መዝገብ ቤት ወርዶ ፊርማው ያረፈበትን እያንዳንዱን የተዘጋ መዝገብ ፈልጎ ያወጣል።

ሴትዮዋን እንዲያስገባት ሲታዘዝ ወረቀት አልያዘም። ወለሉን አቋርጦ ሄደ። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፤ ጎንበስ አለ፤ ስሟን ከነአባቷ፣ የተኛ ሰው በሚቀሰቀስበት ድምፅ ጠራ።

«አቤት» አለች፤ ተነሣችም። ፊቷን ወደ እሱ አዙራ ነበር።

የችሎቱን በር ከፍቶ አሳለፋት። በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ በአዳራሹ ውስጥ ትልቅ ድምፅ አሰማ፤ አንዳንድ ሰዎች ቀና ብለው አዩ።

መዝገብ ቤቱ ከምድር በታች ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጠሪው ከቧንቧው ሥር ሲያልፍ አንገቱን ይሰብራል። መደርደሪያዎቹ ከወለል እስከ ጣሪያ በወረቀት ታጭቀው፣ ሰው በጎን የሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ብቻ ትተዋል። ሳል ያዘውና ሳለ። ሳሉ የትም አልሄደም፤ አፉ ላይ ቀረ። ከመጀመሪያው ወር መደርደሪያ ጀመረ። አንዱን መዝገብ ያወጣል፤ ገልብጦ ጀርባውን ያያል፤ ፊርማው ከሌለ ይመልሰዋል፤ ካለ የባለጉዳዩን ስም ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ አንብቦ ወለሉ ላይ ያስቀምጠዋል። በመጀመሪያው ወር ፊርማውን አስረዝሞ ይፈርም ነበር፤ ጭራዋ ከወረቀቷ ጠርዝ ታልፋለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መዝገብ ቤቱ ሲዘጋ ፊርማው ያለበት አርባ አንድ መዝገብ አውጥቶ ነበር።